የጋሽ ጆሮ ነጭ ነጥብ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬም ዕቃ ማጠብ። እዚህ ጋራዥ ከገባሁ ሦስተኛ ወር ያዝኩ። አምስት ዓመት የተማርኩት ቡሎን ናፍጣ ውስጥ ልዘፈዝፍ ነው? እማዬ ስፌቷን ሳታቆም፣ "ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?" አለችኝ። "ሞተር ላይ ነበርኩ" አልኳት። ሞተሩ ነው እኔ ላይ ያለው… ጥፍሬ ሥር።

አራት ነን። አለቃ፣ ረጅሙ፣ ጋሽ ጆሮና እኔ። እኔ "ዲግሪ" ነኝ። "ዲግሪ፣ አሥር ቁጥር ቁልፍ አቀብዪኝ።" "ዲግሪ፣ እዚህ ጋ ዘይት ፈሷል፣ መጋዝ ዱቄት በትኚበት።"

እዚህ ቤት ሞተር የዘጋ ሰው በየቡሎኑ ራስ ላይ በራሱ ቀለም ነጥብ ያደርጋል። የአለቃ ቢጫ ነው። የረጅሙ ቀይ። የጋሽ ጆሮ ነጭ። ነጥቡ ካልተሰነጠቀ ቡሎኑ አልተፈታም ማለት ነው። ግን ዋናው ነገር እሱ አይደለም። መኪናው ከሁለት ዓመት በኋላ ቢመለስ፣ የማን እጅ እንደሆነ ይታወቃል።

"የኔስ ቀለም?" አልኩ።

"ያንቺማ ውሃ ነው" አለ ረጅሙ።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዳቦው መጣ። የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ስለሚነዳ መኪናውንም ሰውየውንም "ዳቦው" ነው የምንላቸው። ገና ከበሩ ይጮሃል። "ኧረ በሕግ! ሞተሬ ይጨሳል! ሱቆቹ ዳቦህ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል እያሉ እየመለሱብኝ ነው!"

"ታዲያ ቅባት የገባበት ነው ብለህ ዋጋ ጨምርበታ" አለው ረጅሙ።

ጋሽ ጆሮ ኮፋኖውን ከፈቱ። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ የእንጨት እጀታውን ጆሯቸው ላይ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስማቸው ከዚህ ነው የመጣው። ሁላችንም ዝም። ዳቦው እንኳ ዝም።

"ሆዱ ጤነኛ ነው" አሉ። "ላብ ነው የሚያልበው።"

ከዚያ በጣታቸው የክዳኑን ዳር ዳር ዳበሱ። አሸተቱ። ዘይቱ በቫልቭ ክዳኑ ሥር እየሾለከ የጋለው የጭስ መውጫ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሱ ነው የሚጨሰው።

ወደ እኔ ዞሩ። "ዲግሪ፣ የቫልቭ ክዳን ምን ይሠራል?"

እንደ ፈተና መለስኩ። ከላይ የሚረጨውን ዘይት እንዳይወጣ ይይዛል፣ አቧራ እንዳይገባ ይከላከላል፣ ካምሻፍቱንና ቫልቮቹን…

"የድስት ክዳን ነው በይው። ድስት እሳት ላይ ሲሆንስ ምን ያስፈልገዋል?"

አሰብኩ። "…መተንፈሻ?"

ፈገግ አሉ! ከክዳኑ ጎን የወጣችውን ቀጭን ቱቦ ነቅለው ሰጡኝ። በጥቁር ጭቃ ተደፍናለች። መተንፈሻው ሲደፈን ትንፋሹ መውጫ ያጣና ዘይቱን በክዳኑ ዙሪያ ባለው ማሸጊያ ጎማ በኩል ይገፋዋል። "ጎማውን ብቻ ቀይረሽ ብትዘጊው በወሩ ይመለስብሻል። ያላበውን ሳይሆን ያስላበውን ፈልጊ።" ይሄ ከየትኛው መጽሐፍ ይገኛል?

አንድ ነገር ግን… የአዲሱን ጎማ ቁጥር አንብቢልኝ አሉኝ። "መነጽሬን ረሳሁት።" መነጽራቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዘጋሁት!! እኔ! ብቻዬን!

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ጠዋት ክዳኑን አወረድን። አሮጌው ጎማ እንደ ደረቅ ብስኩት ተሰባበረ። ጋሽ ጆሮ አፋፋቁን አሳዩኝ፤ በብረት ሳይሆን በእንጨት፣ የቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ፊት እንዳይጫር። ሲሊኮን የሚባለው ማጣበቂያ ደግሞ አራቱ ማዕዘን ላይ ብቻ። "የስንዴ ፍሬ ታህል። ከዚያ በላይ አይደለም። ጎማው ሥራውን ያውቃል፣ አትጨቅጭቂው።" ቡሎኖቹ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር፣ መስቀለኛ፣ በሁለት ዙር።

ስምንት ሰዓት ላይ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ። "ሐኪም ቤት ደርሼ ልምጣ። ዓይኔ ነው… ሞራ ነው ብለውኛል። ለአለቃ እንዳትነግሪ። አንቺ ፊቱን አጽጂ፤ ክዳኑን ነገ ጠዋት እዘጋዋለሁ።"

አሥር ሰዓት ላይ ዳቦው ከች! የማታው ዳቦ ሊወጣ ነው፣ መኪና ያስፈልገኛል፣ አለቀልኝ፣ ደቀቅሁ። አለቃ ዕቃ ሊገዛ ወጥቷል። ረጅሙ ከሌላ መኪና ሥር ሆኖ፣ "እኔ የሰው ሞተር አልነካም፤ ነገ ና" አለ። ዳቦው ሊያለቅስ ደረሰ።

"እኔ እዘጋዋለሁ" አልኩ። ማን አስወራኝ?

ከመሃል ወደ ዳር፣ መስቀለኛ፣ ጥብቀቱን በሚለካው ቶርክ ሬንች፣ ልክ በልክ። ሲሊኮኑን ትንሽ ጨመር አደረግሁ። ዙሪያውን። ቢያፈስስ በማን ይሳቃል? ከውጭ የተረፈውን በጨርቅ ጠረግሁት። ሲያምር!

ያለ ነጥብ መኪና ማውጣት አይቻልም። የጋሽ ጆሮ ጠርሙስ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። አሥር ቡሎን፣ አሥር ነጭ ነጥብ።

ዳቦው ጎንበስ ብሎ አየና ትከሻው ወረደ። "ጋሽ ጆሮ ዘግተውታላ! እንዲህ በሉኛ!"

አዎ እንደማለት ራሴን ነቀነቅሁ። ተቻኩሎ ነበር… ምን ልዩነት ያመጣል?


ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጋሽ ጆሮ ጠዋት ገብተው ባዶውን ቦታ አዩ። "ማን ዘጋው?"

"እኔ።"

ወደ እኔ ዞረው፣ "እንዳልኩሽ ነው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ሲሊኮኑም?"

"አዎ።"

"ጎበዝ።" ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ አለፉ።

ጎበዝ አሉኝ። ለምን ቅር አለኝ?


እሑድ፣ ኅዳር 14

የዳቦው መኪና ሰፈራችን ሲያልፍ አየሁት። ጭስ የለም። ሽታ የለም። ለእማዬ "እሱን እኔ ነኝ የሠራሁት" አልኳት። መርፌዋን ከአፏ አውጥታ መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ አየችው።


ሰኞ፣ ኅዳር 22

ዳቦው ተጎትቶ መጣ።

ዳገት ላይ ሞተሩ ደርቆ ቀረ። ሰውየው አልጮኸም። እሱ ነው ያስፈራኝ። የዘይት መብራት ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ብልጭ ድርግም ይል ነበር አለ። "ታዲያ አትቆምም?" ሲለው አለቃ፣ "ነጭ ነጥብ አለበት እኮ! የመብራቱ ገመድ ይሆናል የተበላሸው ብዬ ነዋ የነዳሁት!" አለ።




ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

አለቃ ራሱ ፈታው። እኔ ዕቃ አቀባይ።

ክዳኑ ተነሳ። ከውስጥ በኩል በጎማው ዳር የሰማያዊ ሲሊኮን ክር ተንጠልጥሏል። ግማሹ የለም፤ ተቆርጦ ወርዷል። ከታች የዘይት መያዣው ሲወርድ… ዘይት የሚጠባው ወንፊት በሰማያዊ ቁርጥራጭ ጥርቅም ብሎ ተደፍኗል። ሞተሩ ዘይት እያለው ዘይት ጠምቶት ሞተ።

ከውጭ የተረፈውን ጠርጌ ነበር። ወደ ውስጥ የተረፈውስ? ስለ ውስጡ አላሰብኩም። አምስት ዓመት ስማር፣ የተጫነ ነገር በሁለቱም በኩል እንደሚወጣ አጥቼው ነው?

አለቃ ቁርጥራጩን በመዳፉ ይዞ ጋሽ ጆሮ ፊት ዘረጋው። "ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

ጋሽ ጆሮ ጎንበስ አሉ። አይታያቸውም። ወሰዱና በጣታቸው አሹት። ረጅም ጊዜ አሹት።

"ሲሊኮን ነው" አሉ።

"እንደ ጥርስ ሳሙና ነው እኮ ያፈሰሱት! ዓይንዎ ከተዳከመ ለምን አይነግሩኝም? ስንት ጊዜ ነው የጠረጠርኩት!"

ረጅሙ ወለሉን ያያል። እኔ ቁልፍ እየቆጠርኩ ነው። ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት… አሁን ይናገራሉ አልኩ። አሁን "እሷ ናት" ይላሉ።

"ነጥቡ የኔ ነው" አሉ።

ይሄው ነው። ካቻቢቴያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወጡ። የሥራ ልብሳቸው ምስማሩ ላይ ቀረ።

እኔ አልተናገርኩም።


ረቡዕ፣ ኅዳር 24

አለቃ ጠራኝ። የጋሽ ጆሮን ጠረጴዛ አንቺ ውሰጂው አለ። "ወጣት ነሽ፣ ዓይንሽ ንጹሕ ነው፣ ተምረሻል። የሽማግሌ ነገር በቃኝ።" አዲስ የቀለም ጠርሙስ ሰጠኝ። አረንጓዴ። ያልተከፈተ።

ሦስት ወር ስመኘው የነበረ ነገር። እጄ ላይ ይዤው ቆምኩ። አመሰግናለሁ አልኩ። አዎን፣ አልኩ! አመሰግናለሁ!

ለእማዬ ነገርኳት። ጎረቤት ሁሉ ጠርታ ተናገረች። "ልጄ የራሷ ጠረጴዛ አላት!"


ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ጠርሙሱን አልከፈትኩትም።

ረጅሙ በምሳ ሰዓት፣ "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው። ስለ ዓይናቸው ሁላችንም ስናወራ እሳቸው ብቻ አልሰሙም" አለ። ሊያስቀኝ ነበር። ቀጠለና፣ "እኔን የሚገርመኝ ግን… ጋሽ ጆሮ በጨለማም ቢሆን ሲሊኮን አያበዙም። ጣታቸው ያውቀዋል" አለ። አየኝ።  ከዚያ ወደ መኪናው ሥር ተመለሰ።

ያውቃል? እሱም ያውቃል?

ብናገር ምን ይመጣል? ያባርረኛል። ዳቦው ያንቀኛል። እማዬስ፣ ለጎረቤት ምን ትላለች? ባልናገርስ? ጋሽ ጆሮ ሥራ ሌላ ቦታ ማን ይሰጣቸዋል፣ "ሞተር ገደሉ" ተብሎ?

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኔ አፍስሼ ሌላ ሰው እየለቀመልኝ ነው።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ሄድኩ። ቤታቸው ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ነው፤ አንድ ክፍል። በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ገና ሳልደርስ፣ "ዲግሪ፣ ግራ ጫማሽ ሶሉ ተላቋል" አሉኝ።

አጠገባቸው ቆሻሻ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። ስንት ቃል አዘጋጅቼ ነበር!

"ጋሼ… ለምን አልተናገሩም?"

"ምን ብዬ?"

"እሷ ናት ብለው።"

"አዎ ብለሽኛላ። እንዳልኩሽ ነው ስልሽ አዎ አልሽ። እኔ ካንቺ አዎ በላይ ምን አውቃለሁ?"

"ሲሊኮኑን ግን አይተውታል…"

"አለቃ ነው ያየው። እኔ የምን ማየት!" ሳቁ። ሳቃቸው ደስ አይልም። "ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ ጥዬ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሥራ ሰዓት ላይ ተደብቄ የሄድኩት እኔ ነኝ። በዚያ ላይ እሷ ናት እሷ ናት ብዬ ከልጅ ጋር ልሟገት?"

ማልቀስ ጀመርኩ። እስኪወጣልኝ ጠበቁኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ። ቃል በቃል ልጻፈው፣ እንዳልረሳው።

"ስሚኝ። ሲሊኮን ይፋቃል። ሞተር ይነሳል። እሱ አይደለም የከነከነኝ። ዓይኔ ሲሄድ፣ ግድ የለም ጆሮ አለኝ ብዬ ነበር። አርባ ዓመት የሞተር ውሸት ስሰማ ኖሬ… ያንቺን አልሰማሁትም።"

ይቅርታ አልኳቸው። ምሬሻለሁም አላሉም፣ ሂጂም አላሉም። "ጫማሽን አሰፊው" ነው ያሉኝ።


እሑድ፣ ኅዳር 28

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ማሽኑን አቆመች። እሷ ማሽን አታቆምም።

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ በጭኗ ላይ የነበረውን ቀሚስ ገልብጣ አሳየችኝ። "ይሄ ከውጭ ስታዪው ቀጥ ያለ ነው። ውስጡን እይው።" ተንጋዷል። "ዛሬ ጠዋት ነው የተንጋደደብኝ። ሴትየዋ አታየውም። እኔ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።"

መቀስ አንስታ መፍታት ጀመረች። ሌላ ምንም አላለችም። ለጎረቤት ምን እንደምትል እንጃላት።


ሰኞ፣ ኅዳር 29

ተናገርኩ።

ዳቦው ሞተሩ የት ደረሰ ብሎ መጥቶ ነበር። ሁሉም ስላሉ… ወይ ዛሬ ወይ መቼም። አረንጓዴውን ጠርሙስ አለቃ ፊት አስቀመጥኩ። "ዳቦውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሲሊኮኑን ዙሪያውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ነጩን ነጥብ ያደረግሁትም እኔ። ጋሽ ጆሮ አልነበሩም።"

ዳቦው አፉን ከፈተ። ዘጋ። እንደገና ከፈተ። "አንቺ ልጅ… ራስሽን ነቅንቀሽልኝ ነበር እኮ።"

"አዎ።"

"ልጆቼን ጭኜበት ቢሆንስ? ዳገት ላይ እኮ ነው የቆመው!"



አለቃ ግን ሌላ ነገር ያዘ። "አልነበሩም? የት ሄደው ነበር?"

 እንዳትነግሪ ብለውኛል። ግን ግማሹን እውነት ተናግሬ ግማሹን ልዋሽ? "ሐኪም ቤት" አልኩ። "ለዓይናቸው።"

"ይኸዋ! ከሥራ ሰዓት ጠፍተው፣ ሞተር ከፍተው ጥለው! እሱስ ጥፋት አይደለም?" ጠርሙሱን ኪሱ ከተተ። "አንቺ ይሄን ሞተር በእጅሽ ታነሺዋለሽ። ረጅሙ ቆሞ ያይሻል። ከዚያ በኋላ እናያለን። ሽማግሌውን ግን አልመልስም።"

ላድናቸው ሄጄ ምስጢራቸውን አወጣሁባቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለማን ነው የጠራው?

ዳቦው በር ላይ ዞሮ፣ "እኔ ጋሽ ጆሮ ካልሰሙት አልወስደውም። ነጥብ አላምንም ከእንግዲህ። ሰውየውን አምጡልኝ" ብሎ ሄደ።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

የሞተሩ ሻፍት ተልኮ ተሞረደ። እሱን አቅፎ የሚይዘው ብሮንዚን አዲስ ገባ። ወንፊቱን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ለአራተኛ ጊዜ ላጥበው ስል ረጅሙ፣ "በቃ፣ ልትድሪው ነው እንዴ?" አለ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁበት ቀን።

ጠረጴዛው ባዶውን ነው። ማንም አይጠጋውም።


ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

ዛሬ ክዳን የምዘጋበት ቀን።

ዳቦው ጋሽ ጆሮን በሰው መኪና ይዟቸው መጣ። አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ታሽጓል፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። አለቃ "እንኳን ደህና መጡ" አለ። "ለዳቦው ነው የመጣሁት" አሉት። እኔንም ሰላም አሉኝ፤ እንደማንኛውም ሰው። ምስማሩ ላይ ያለውን የሥራ ልብሳቸውን አልነኩትም። ወንበር አምጥቼላቸው ግድግዳው ጋ ተቀመጡ።

ፊቱን በእንጨት ፋቅሁ። መተንፈሻ ቱቦውን ነፋሁበት፤ ክፍት ነው። አዲሱን ጎማ ቦይው ውስጥ በጣቴ አስተኛሁት። አራት ማዕዘን፣ አራት ስንዴ። የኋላው ግራ ማዕዘን ላይ ግን ቦታው ጠባብ ነው፣ እጄ ከበደ… የሲሊኮኑ ቱቦ ሁለቴ ተፋ። ልጠርገው አሰብኩ። ዳቦው ሰዓቱን እያየ፣ አለቃ ከጀርባዬ ቆሞ። ክዳኑን ጫንኩት። ከመሃል ወደ ዳር፣ መስቀለኛ፣ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። አለቀ።

"ተመስገን!" አለ ዳቦው። "አስነሺው!"

ከግድግዳው በኩል ድምፅ መጣ።

"እንዳልኩሽ ነው?"

ያኔም እንዲህ ነበር የጠየቁኝ። በዚሁ ድምፅ። አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነው! አንድ ቃል። የበዛችው አንዲት የስንዴ ፍሬ ናት። ምናልባት ለሃያ ዓመት ምንም አትሆንም። አለቃ "ከዚያ በኋላ እናያለን" ያለኝ ደግሞ ዛሬን ነው።

"አይደለም ጋሼ" አልኩ። "የኋላው ግራ ማዕዘን በዛብኝ።"

"በስንት?"

"ሁለት ስንዴ ሆነ።"

ረጅሙ ፈነዳ። "ከሁለት ስንዴ እንኳን ሞተር መግደያ፣ ዳቦም አይወጣም!"

ዳቦው አልሳቀም። አለቃ አፍንጫውን ቆነጠጠ። ጋሽ ጆሮም አልሳቁም። ፋሻ የሌለበትን ጎን ሳይሆን ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ፤ ካቻቢቴው እጀታ ላይ እንደሚያደርጉት። 

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉ።

አሥር ቁጥር ቁልፉን አነሳሁ። ሲፈታ ከዳር ወደ መሃል ነው። አንድ በአንድ፣ አሥሩንም ፈታኋቸው።